የወደቀው ወታደር የእናቱም ልጅ ነው

ስለ ወታደራዊ ቀብር ቤተሰብ አስቀድሞ ሊያውቀው፣ ሠራዊቱም ሊያስተካክለው የሚገባ ጉዳይ



ስለ ሞት በደህና ቀን መነጋገር በእኛ ዘንድ እንደ ሟርት ይቆጠራል። ልጇን የወታደር ልብስ አልብሳ ለሸኘች እናት ስለ ቀብር ሥነ ሥርዓት ማውራት ነውር ነው፤ የሚያወራውም ሰው «በአፍህ አታሟርትብኝ» ተብሎ ይገሠጻል። ይህን እያወቅን ይህን ጽሑፍ ያወጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ወዲህ በተካሄደው ጦርነት ከማኅበረሰባችን ልጆች በርካቶች ወድቀዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታትም የወደቁ አሉን። በእነዚህ ቀብሮች ላይ የተገኘ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አልቀረም። ሠራዊቱ ሥርዓቱን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሟቹ ጓደኞች ያውቃሉ፤ የከተማው ሹማምንት ያውቃሉ። ብዙ ጊዜ የማያውቁት አባትና እናት ናቸው። በገዛ ልጃቸው ቀብር ላይ እንደ እንግዳ ቆመው፣ የተነገረው ሳይገባቸው፣ የሚሉት ሳይጠየቅ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

የእኛ አቋም ግልጽ ነው። የወደቀው ወታደር የአገር ልጅ ነው፤ የእናቱም ልጅ ነው። ሠራዊቱ ሊቀብረው መብትም ግዴታም አለው። ነገር ግን ቀብሩ የቤተሰቡም ነው። ቤተሰቡ ይህን መብቱን ሊጠቀምበት የሚችለው ደግሞ ምን እንደሚሆንና ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ሲያውቅ ብቻ ነው።

ካየነው ተነሥተን

በመጀመሪያ ለእውነቱ ክብር እንስጥ። በኢትዮጵያ ሳለን ወታደር ሲሞት ምን ይደረግ እንደነበር የምናስታውስ ብዙ ነን። ደርግ በ1983 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ካወጣ በኋላ ወጣቱ ከየቀበሌውና ከየገበያው እየታፈሰ ወደ ሰሜን ይላክ ነበር። ከሄዱት መካከል የት እንደ ወደቁ እስከ ዛሬ የማይታወቁ አሉ። እናት መርዶ ሳይነገራት፣ መቃብር ሳታይ፣ ልጄ ይመጣል እያለች በደጅ የምታይበት ዘመን ነበር። ለሟቹም ለቤተሰቡም ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም።

በሱዳን በረሃ መንገድ ላይ ያለቁ ወገኖቻችንም እንዲሁ ናቸው። ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ ወደ 4000 የሚጠጉ ነፍሳት በረሃብ፣ በበሽታና በሽፍታ እጅ አልቀዋል። ብዙዎቹ መቃብራቸው አይታወቅም። በሀር ሄርጽል ላይ መታሰቢያቸው የቆመው በ2007 ነው። እስከዚያ ድረስ የስንቱ ቤተሰብ ሐዘን ያለ ድንጋይ እንደቆየ እኛው እናውቃለን።

ስለዚህ በዚህ አገር ለእያንዳንዱ ወታደር የራሱ መቃብር፣ የራሱ ድንጋይና የራሱ ስም መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ወታደራዊ መቃብሮች ከ1950 ጀምሮ በሕግ የሚተዳደሩ ናቸው። የጄኔራሉም የተራው ወታደርም ድንጋይ አንድ ዓይነት ነው። ከሀብታም ቤት የመጣውና ከመርካዝ ክሊታ የመጣው ጎን ለጎን ያርፋሉ። በኑሮ፣ በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ ያላገኘነውን እኩልነት በመቃብር ቦታ ማግኘታችን የሚያሳዝንም የሚያጽናናም ነው። ይህን እኩልነት ማንም እንዲነካብን አንፈልግም። የምንለው እኩልነቱ በድንጋዩ ብቻ ሳይወሰን ድንጋዩን ለሚያለቅሱበት ወላጆችም ይድረስ ነው።

መርዶው በማን አፍ ይነገር?

ነገሩ ከመርዶው ይጀምራል። በእኛ ባህል መርዶ እንዲህ በዋዛ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተማክረው፣ ቅርብ ዘመዶች ተጠርተው፣ ጎሕ ሲቀድ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳሉ። የሚነግረው የተከበረና ቤቱ የሚያውቀው ሰው ነው። ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚደግፉት ክንዶች በአጠገቡ አሉ። መርዶ ለብቻው ለተቀመጠ ሰው አይነገርም።

በሠራዊቱ ዘንድ ደግሞ ሌላ አሠራር አለ። መርዶ ነጋሪዎች የወታደር ልብስ ለብሰው በር ያንኳኳሉ። ወሬው በሌላ መንገድ ሳይደርስ ቶሎ መንገር አለባቸው። ይህ ክፋት አይደለም፤ በዚህ በተንቀሳቃሽ ስልክ ዘመን አንድ ሰዓት መዘግየት ማለት እናት የልጇን ሞት ከጎረቤት ስልክ እንድትሰማ ማድረግ ነው። ስለዚህ እስከ ጎሕ ይጠበቅ ብለን አንጠይቅም። ጊዜው ተለውጧል።

ነገር ግን አንድ ነገር ፈጽሞ መሆን የለበትም። መርዶ ነጋሪዎቹ በዕብራይስጥ ተናግረው፣ ወላጆቹ ሳይገባቸው ቀርቶ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም ወይም እህት እንዲተረጉም መደረግ የለበትም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ዞሮ እናቱን «ወንድሜ ሞተ ይላሉ» እንዲል ማድረግ ግፍ ነው። ያ ልጅ ራሱ ሐዘንተኛ ነው፤ መጀመሪያ መጽናናት ያለበት ነው። «ለቀባሪው አረዱት» የሚለው ተረት ለቀልድ የሚነገር ነው፤ እዚህ ላይ ግን ያዘነውን ልጅ አርጂ ማድረግ ይሆናል። ይህ ሸክም ከልጁ ትከሻ ዕድሜውን ሙሉ አይወርድም።

በቢሮ፣ በሐኪም ቤትና በባንክ ልጆቻችንን አስተርጓሚ አድርገን መኖር ለምደናል። ይህ ልማድ ከሚቆምበት ቦታ ሁሉ በፊት በመርዶ በር ላይ ሊቆም ይገባዋል። አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር፣ ዕድሜው የበሰለ፣ ባህሉን የሚያውቅ ሰው ከመርዶ ነጋሪዎቹ ጋር ይምጣ። ከተቻለም ቤተሰቡ የሚያምነው አንድ ሽማግሌ ወይም ዘመድ በሩ ላይ አብሯቸው ይቁም። ጥቂት ደቂቃ የሚጠይቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ የወታደሮቻችንም ድርሻ አለ። ልጆቻችን ስለ ቤታቸው ሁኔታ ለክፍላቸው መናገር ያፍራሉ። እናቴ ዕብራይስጥ አትችልም፣ አባቴ የልብ በሽተኛ ነው፣ ነገር ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠራው አጎቴ ነው ብለው ለመሻኪት ታሽ ወይም ለአዛዣቸው አስቀድመው ቢናገሩ አያሳፍርም። ይህን ከልጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩ። ሟርት አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው።

በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚመጡ ጥያቄዎች

ከመርዶው በኋላ ነገሩ ይፈጥናል። በአይሁድ ሕግ ቀብር አይዘገይም፤ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ይፈጸማል። በእነዚህ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቤተሰቡ ብዙ ነገር ይጠየቃል። በየትኛው መቃብር ይቀበር፣ በከተማችን ባለው ወታደራዊ ክፍል ነው ወይስ በሀር ሄርጽል? ቀብሩ በስንት ሰዓት ይሁን? ከቤተሰቡ ማን ይናገራል? ቃዲሽ የሚለው ማን ነው? ለጋዜጣና ለቴሌቪዥን የትኛው ፎቶግራፍ ይሰጥ? ጋዜጠኛ ይግባ ወይስ አይግባ?

እነዚህን ጥያቄዎች በዚያ ሰዓት በሰከነ አእምሮ የሚመልስ ወላጅ የለም። እናት መሬት ላይ ወድቃለች፣ አባት ዝም ብሏል፣ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ስለዚህ መልሱን የሚሰጠው ዕብራይስጥ የሚችል ሰው ይሆናል፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከሁሉ ታናሹ ነው። በኋላ ሁሉ ነገር ካለፈ ወላጆች «ለምን እኔ ሳልጠየቅ ሩቅ ቦታ ተቀበረ? በየሳምንቱ ልሄድለት እፈልግ ነበር» ይላሉ። ሀር ሄርጽል ትልቅ ክብር ነው። ነገር ግን ከቂርያት ማላኺ ወይም ከዓፉላ በሁለት አውቶቡስ ለምትመጣ እናት መንገዱ ሩቅ ነው። አንዳንድ ቤተሰብ ለክብሩ ሲል ሀር ሄርጽልን ይመርጣል፤ ሌላው ለቅርበቱ ሲል ከተማውን ይመርጣል። ሁለቱም ትክክል ነው። ትክክል ያልሆነው ወላጅ ሳይጠየቅ መወሰኑ ነው።

ወላጅ ወይም ወንድም እህት ገና በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ሆነው ዓሊያቸውን የሚጠባበቁ ከሆነ ሐዘኑ ድርብ ነው። ልጁ ለዚህ አገር ሕይወቱን ሰጥቷል፤ ወላጆቹ ግን ለአፈር እንኳ አልደረሱለትም። ለብቻቸው ለሚያገለግሉ ወታደሮች ወላጆች ከውጭ አገር ለቀብር እንዲደርሱ ጥረት እንደሚደረግ እናውቃለን። ከኒው ዮርክ ወይም ከፓሪስ ለሚመጣ ወላጅ የሚደረገው ሁሉ ከጎንደር ለሚመጣውም ይደረግ። ቪዛ ለመጠየቅ ጊዜ የለም፤ አሠራሩ አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

ሥርዓቱ ምን ይመስላል?

ብዙ ወላጆች ሥርዓቱን አይተውት ስለማያውቁ ባጭሩ እናስረዳ። ሟቹን አጥበውና ገንዘው የሚያዘጋጁት የሠራዊቱ ረቢነት ሰዎች ናቸው። በአገራችን ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቆይ ነበርና ይህን ሥራ ቤተሰቡ እንዳልሠራው ሽማግሌዎች ቢያውቁት ይረጋጋሉ። በዚህ አገር ተራ ሰው ያለ ሣጥን በከፈን ተጠቅልሎ ይቀበራል፤ ወታደር ግን በሣጥን ነው የሚቀበረው። ሣጥኑ የሚመጣው ተዘግቶ በባንዲራ ተሸፍኖ ነው። የሚሸከሙት ወታደሮች ናቸው። ባንዲራው ሣጥኑ ወደ መቃብር ከመውረዱ በፊት ይነሣል።

ከዚያ በኋላ የሠራዊቱ ሐዛን «ኤል ማሌ ራሐሚም» የሚለውን ጸሎት ያደርሳል፤ አባት ወይም ወንድም ቃዲሽ ይላል። አዛዡ፣ ጓደኞችና ቤተሰብ ይናገራሉ፤ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። በመጨረሻ የክብር ዘቡ ሦስት ጊዜ ይተኩሳል። ይህን ተኩስ ወላጆች አስቀድመው ይወቁት! ጦርነት ሸሽተው የመጡ፣ በሱዳን መንገድ የሽፍታ ጥይት የሰሙ እናቶችና አባቶች በልጃቸው መቃብር ላይ ድንገት ተኩስ ሲሰሙ መደንገጣቸው አይቀርም። አጠገባቸው የቆመ ሰው «አሁን ሦስት ጊዜ ይተኮሳል፤ ለልጅሽ ክብር ነው» ብሎ በጆሮዋ ቢነግራት ምን ይከብዳል?

ቃዲሹም እንዲሁ ነው። ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችል አባት ካርድ ይሰጠውና በሰው ሁሉ ፊት ይንተባተባል፤ ወይም አፍሮ ለሌላ ይተወዋል። ቃዲሽ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ በካርድ ቢታተም አባት በራሱ ፊደል አንብቦ ለልጁ ሊለው ይችላል። ይህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ በአንድ ሳምንት ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። ምኩራቦቻችንና ማኅበሮቻችን ይህን ለመሥራት የማንንም ፈቃድ መጠበቅ የለባቸውም።

ቄሶቻችን የት ይቁሙ?

በብዙ ቀብር ላይ ቄሶቻችን ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ጭራቸውን ይዘው ከሕዝቡ መካከል ቆመው ይታያሉ። ቤተሰቡን ከኢትዮጵያ ጀምሮ የሚያውቁ፣ የሟቹን አባት የመረቁ ሰዎች ናቸው። ጸሎቱ ግን በማያውቁት ሰው ይደርሳል፤ እነሱ እንደማንኛውም ለቀስተኛ ይመለሳሉ።

አንዳንዶች «ሠራዊቱ አንድ ሥርዓት ነው ያለው፤ ለእያንዳንዱ ወገን የተለየ ነገር ከተጀመረ አንድነቱ ይፈርሳል» ይላሉ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እኛም ከላይ እንዳልነው የድንጋዩን እኩልነት እንወደዋለን። ነገር ግን የድሩዝ ወታደር ሲወድቅ የድሩዝ ሼሆች በሥርዓታቸው ይጸልዩለታል፤ በዒስፊያ የራሳቸው ወታደራዊ መቃብር አላቸው። በዚህ የሠራዊቱ አንድነት አልፈረሰም፤ እንዲያውም ጸንቷል። እኛ የተለየ መቃብር አንጠይቅም። አይሁድ ነን፤ ከአይሁድ ወንድሞቻችን ጋር እንቀበራለን። የምንጠይቀው ከሐዛኑ ጸሎት በኋላ ቄሱ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶት አባቶቻችን ይጸልዩበት በነበረው ቋንቋ ጸሎቱን እንዲያደርስ ነው። ቤተሰቡ ከፈለገ ማለት ነው፤ ካልፈለገ ደግሞ ማንም አያስገድደውም።

በ1985 ሽማግሌዎቻችን በኢየሩሳሌም በዋናው ረቢነት ፊት ለፊት የተቀመጡት አይሁድነታችን አይጠየቅም ለማለት ነበር። በ1996 ደማችን ሲጣል አደባባይ የወጣነውም የዚህ አገር ሰው መሆናችን አይጠየቅም ለማለት ነው። ልጁ ደሙን ከሰጠ በኋላ ቄሱ ከዳር የሚቆምበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

በድንጋዩ ላይ የሚጻፈው

ቀብሩ ካለፈ በኋላ የሚመጣ፣ ብዙ ቤተሰብ ሳያስተውለው የሚያልፍ ነገር አለ። የወታደር ድንጋይ ላይ ማዕረጉና ስሙ፣ የአባቱና የእናቱ ስም፣ የተወለደበት አገር፣ ዓሊያ ያደረገበት ዓመት፣ የወደቀበት ቀንና ዕድሜው ይጻፋል። እንግዲህ የእናት ስም በድንጋይ ላይ ይቀረጻል ማለት ነው! በእኛ አገር ሰው በአባቱ ስም ይጠራ ነበር፤ እናቱ አትጻፍም። እዚህ ግን አንዲት ከወገራ ወይም ከጠለምት የመጣች እናት ስሟ ለዘለዓለም በልጇ ድንጋይ ላይ ይኖራል። ይህ ስም ተበላሽቶ መጻፍ የለበትም።

ስማችን ግን ተበላሽቷል። በመርካዝ ክሊታ ጸሐፊዎች እንደ መሰላቸው ጽፈውታል። የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ወንድማማቾች ሁለት የተለያየ ስም ይዘው ቀርተዋል። አበበ አቪ ተብሏል፣ ዘውዲቱ ሌላ ስም ተሰጥቷታል። በመታወቂያው ላይ ያለው ስህተት ወደ ድንጋዩ ይተላለፋል። ስለዚህ ጽሑፉ ለቤተሰቡ ሲቀርብ ቶሎ ብላችሁ አትፈርሙ። አማርኛም ዕብራይስጥም የሚያውቅ ሰው ያንብብላችሁ። ልጁ ቤት ውስጥ የሚጠራበት የአማርኛ ስም ካለ እንዲጨመር ጠይቁ።

አንድ ተጨማሪ ነገር እወቁ። ቀድሞ ቤተሰብ ከተወሰነው ጽሑፍ ሌላ በድንጋዩ ላይ ምንም መጨመር አይችልም ነበር። ሐዘንተኛ ወላጆች ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተከራከሩ። በ1995 በሰፊ ችሎት በተሰጠው ውሳኔ ቤተሰቡ የራሱን አጭር ቃል የመጨመር መብቱ ጸና። ይህ መብት በልመና የተገኘ ሳይሆን ወላጆች ተከራክረው ያገኙት ነው። እኛም ልንጠቀምበት ይገባል። ያቺ አጭር ቃል የእናቲቱን ልብ የምትናገር ትሁን፤ ሌላ ሰው ያዘጋጀላት አትሁን።

ስለ ሟቹ የሕይወት ታሪክም እንዲሁ ነው። የመከላከያ ሚኒስቴር ለእያንዳንዱ የወደቀ ወታደር የመታሰቢያ ጽሑፍ ያወጣል። የቤተሰቡ ቃል ካልተጨመረበት ጽሑፉ ከትምህርት ቤቱና ከክፍሉ ብቻ ይጀምራል። ሆኖም የልጁ ታሪክ ከዚያ በፊት ጀምሯል፤ አያቱ ከመንደራቸው በእግራቸው ሲወጡ ጀምሯል። ይህን ተናገሩ፤ የሚጽፍላችሁን ሰው ፈልጉ።

ለራሳችንም የምንለው አለን

ሁሉንም ጥፋት በሌላው ላይ መጫን ተገቢ አይደለም። ለቅሷችን ከልብ የመነጨ ነው፤ ሙሿችን፣ ፎቶግራፍ ይዞ ማልቀሳችን የሐዘን ቋንቋችን ነው፤ «ጸጥ በሉ» የሚባል አይደለም። ቢሆንም ሣጥኑ ሲያልፍ መጋፋት፣ ወታደሮቹ ተሰልፈው ሳለ መስመሩን ሰብሮ መግባት፣ እናትና አባት ከኋላ ቀርተው የሩቅ ዘመድ ከፊት መቆም በእኛም በኩል የሚታይ ጥፋት ነው። ፊትን መቧጨርና ገላን መቁሰልም በኦሪት የተከለከለ ነው። ከእኛ መካከል አምስት ስድስት ሰዎች ተመድበው ሕዝቡን ቢያስተባብሩ፣ ለወላጆች ቦታ ቢያስከብሩ፣ ሥርዓቱ ሲያልቅ ደግሞ ለቅሶው በባህላችን እንዲቀጥል ቢያደርጉ ሁለቱም ይከበራል።

ሌላው ከቀብሩ በኋላ ያለው ነው። በሰባቱ ቀን ቤቱ ሞልቶ ይፈሳል። በስምንተኛው ቀን ባዶ ይሆናል። ከመከላከያ ሚኒስቴር የቤተሰቦች ክፍል የምትመጣው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ወረቀት ይዛ የምትመጣው ያን ጊዜ ነው። ወላጆቻችን ብዙዎቹ «በልጄ ደም ገንዘብ አልወስድም» ይላሉ። ስሜቱ የሚከበር ነው። ይሁን እንጂ የሚሰጠው የልጁ ዋጋ አይደለም፤ ለልጅ ዋጋ የለውም። አገሪቱ በ1950 ባወጣችው ሕግ ለወላጆች፣ ለባልቴቶችና ለልጆች የገባችው ግዴታ ነው። የያድ ላባኒም ማኅበርም ከ1949 ጀምሮ የወደቁ ወታደሮች ወላጆች ማኅበር ነው፤ በሩ ለእኛም ክፍት ነው። እዚያ የሚቀመጡት ሰዎች ከየት እንደመጣችሁ አይጠይቁም፤ ማንን እንዳጣችሁ ያውቃሉና።

ከአገልግሎት በኋላ ስለሚሞቱ፣ ስለማይወራውም ሞት

ልጁ አገልግሎቱን ጨርሶ ከወጣ በኋላ ቢሞት ወታደራዊ ቀብር በራሱ አይመጣም። ቀብሩ በሔቭራ ቃዲሻ በኩል ይሆናል፤ በሚኖርበት ከተማ መቃብር ለሚደረገው ቀብር ወጪውን ቢቱዋሕ ሌኡሚ ይሸፍናል። ነገር ግን የሞተው በአገልግሎት ላይ ባገኘው ቁስል ወይም በሽታ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ቤተሰቡ ለመከላከያ ሚኒስቴር ማመልከት ይችላል፤ ሞቱ በአገልግሎቱ ምክንያት መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ቃጺን ታግሙሊም የሚባለው ሹም ነው። ውሳኔው በወረቀት ላይ ይቆማል። ስለዚህ ልጁ በሕይወት ሳለ ቁስሉና ሕመሙ፣ የአእምሮ ጭንቀቱም ቢሆን፣ እንዲመዘገብና እንዲታወቅለት አድርጉ። የሐኪም ወረቀት አትጣሉ። «ወንድ ልጅ አይታመምም» እያልን ያስቀረነው ወረቀት በኋላ ለባልቴቲቱና ለልጆቹ እንጀራ የሚነሣ ነው።

በመጨረሻ በሹክሹክታ ብቻ የሚነገረውን ጉዳይ በግልጽ እንናገር። በ1990ዎቹ ከወታደሮቻችን መካከል በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን ያጠፉ ነበሩ፤ ማኅበረሰባችንም ክፉኛ ተጎድቷል። ዛሬም ይህ ሐዘን ከየቤቱ አልወጣም። አንዳንድ ወላጆች ከኀፍረት የተነሣ ለቅሶ ሳይቀመጡ፣ ሳይጠይቁ፣ አንገታቸውን ደፍተው ይኖራሉ። ወገኖቻችን! በአገልግሎት ላይ ሳለ እንዲህ የሞተ ወታደርም በወታደራዊ መቃብር ይቀበራል፤ ወላጆቹም ልጅ እንዳጣ እንደማንኛውም ወላጅ ናቸው። በእንዲህ ያለ ሞት የወታደራዊ ፖሊስ ምርመራ ይደረጋል። ምን እንደተገኘ፣ ማን ምን እንዳደረገበትና ለምን እንዳልተረዳ መጠየቅ መብት ነው። ለቀስተኛ የማይሄድበት ቤት ካለ መጀመሪያ መሄድ የሚገባን እዚያ ነው።

የምንጠይቀው

ከላይ በዘረዘርነው መሠረት ለሠራዊቱና ለመከላከያ ሚኒስቴር የምናቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ነው።

1ኛ/ ወላጆች ዕብራይስጥ በማይችሉበት ቤት ሁሉ መርዶ በቋንቋቸው በሚናገር የበሰለ ሰው ይነገር። የሟቹ ወንድምና እህት ፈጽሞ አስተርጓሚ አይደረጉ።

2ኛ/ ስለ መቃብር ቦታ፣ ስለ ሰዓትና ስለ ተናጋሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች በአማርኛና በትግርኛ በጽሑፍም በቃልም ለወላጆቹ ለራሳቸው ይቅረቡ።

3ኛ/ ቤተሰቡ ሲፈልግ ቄሱ በሥርዓቱ ላይ እንዲጸልይ ቦታና ጊዜ ይሰጠው።

4ኛ/ በቀብሩ ላይ የሚነገረው ለወላጆች በአጠገባቸው እየተተረጎመ ይነገራቸው።

5ኛ/ በኢትዮጵያ ላሉ ወላጆች፣ ወንድሞችና እህቶች ለቀብር የሚደርሱበት ፈጣን አሠራር ይዘጋጅ።

6ኛ/ የድንጋዩ ጽሑፍ ከመቀረጹ በፊት ስሞቹ ከቤተሰቡ ጋር አንድ በአንድ ይረጋገጡ።

ለራሳችን ማኅበረሰብ ደግሞ የምናቀርበው አንድ ጥሪ ነው። በየከተማው አምስት ሰዎች እንምረጥ፤ አንድ ቄስ ወይም ሽማግሌ፣ ሁለቱንም ቋንቋ አጥርቶ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ሠራዊቱን የሚያውቅ አንድ የቀድሞ ወታደር፣ ከእናቲቱ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ሴት፣ ራሱ ይህን ሐዘን ያየ አንድ ወላጅ። ስማቸውና ስልካቸው በማዘጋጃ ቤቱና በቃጺን ሃዒር ቢሮ ይታወቅ። ደመወዝ አይጠይቁም፣ ቢሮም አያስፈልጋቸውም። በአገራችን ይህን የምናደርገው ማንም ሳያዘን ነበር፤ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም ነበርና። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለው ለሰልፍ ብቻ አይደለም።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ከክፉ ይጠብቅልን፤ ይህም ጽሑፍ ለማንም ቤት የሚያስፈልግ አይሁን። ነገር ግን ቢያስፈልግ፣ አባትና እናት በልጃቸው መቃብር ላይ እንደ እንግዳ ቆመው እንዳይቀሩ ዛሬ፣ በደህናው ቀን፣ እንዘጋጅ።